የጧት ፀሐይ ጥሎሽ

ከየሺዋስ ጋር መጀመሪያ የተነጋገርነው በስድብ ነው። እሱ «ሰላምታ ነበር» ይላል፤ ውሸቱን ነው።

ከቤሩት ተመልሼ በእናቴ ግቢ ጥግ፣ አስፋልቱ ዳር፣ ቁርስ ቤት የከፈትኩ ሰሞን ነበር። ደብረ ታቦር ፎቅ ያማራት ጊዜ ነው። ዩኒቨርሲቲው ከመጣ ወዲህ ያለው ብሎኬት ይቆልላል፣ የሌለው ቆሞ ያያል። ከአጥራችን በስተ ምሥራቅ ያለውን ቦታ አቶ አያሌው የሚባል ነጋዴ ገዛው፤ ታች ሱቅ፣ ላይ ሆቴል ሊሠራበት። አንድ ጧት ቁርስ ቤቴን ልከፍት ስወጣ ገልባጭ ሙሉ አሸዋ ደጃፌ ላይ ተዘርግፏል።

«የማን አባቱ አሸዋ ነው ይሄ?» ብዬ ጮህኩ።

ከአሸዋው ጀርባ ቢጫ ቆብ ያደረገ ረጅም ሰውዬ ብቅ አለ። «እንደምን አደርሽ እህቴ። የእኛ ነው። እስከ ማታ እናነሣዋለን።»

«ደንበኞቼ እስከ ማታ አሸዋ ይብሉ?»

«የምትሠሪው ከዚህ ይሻላል?»

እንዴ! ደሜ ፈላ። ያን ቀን ያላወረድኩበት ስድብ የለም። ማታ አሸዋው ተነሣ፤ በማግሥቱ ሰውዬው ራሱ መጥቶ ጥግ ያለው ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠና ፉል አዘዘ። በልቶ ሲጨርስ «ከአሸዋውስ ይሻላል» አለ። ሳቄ ሊያመልጠኝ ሲል ፊቴን ወደ ጓዳ አዞርኩ።

ፎርማን ነው፤ ገሳይ ከምትባለው ከተማ የመጣ። እኔ «አቶ አቧራ» ነበር የምለው። በየቀኑ ይመጣል፣ በየቀኑ እንጣላለን። እኔ የሲሚንቶ ሚክሰሩ ጆሮዬን አደነቆረው ብዬ፣ እሱ ሻዩ ቀጠነ ብሎ። ያልመጣ ቀን ደግሞ በሩን ሳይ የምውለው እኔው ነኝ።

እናቴ አበበች በርበሬ ነጋዴ ናት። ዛላውን ገዝታ ግቢ ውስጥ ሰሌን ላይ ታሰጣለች፤ ሲደርቅላት ቀምማ፣ አስፈጭታ ትሸጣለች። አባታችን ከሞተ ወዲህ ያሳደገችን በዚያ ነው። አገራችንን የሚያውቅ ያውቃል፤ ከቀትር በኋላ ደመናው ከጉና ተራራ ይወርድና ማስጣት ብሎ ነገር የለም። በርበሬ የሚያደርቀው የጧት ፀሐይ ነው። የጧት ፀሐይ ደግሞ የሚመጣልን በአቶ አያሌው ቦታ በኩል ነው።

ግንቡ ከመሬት ብቅ ሲል የሺዋስ ቆቡን አውልቆ እናቴ ዘንድ ገባ። የመወጣጫውን ባሕር ዛፎች እኛ ግቢ ውስጥ ካልተከለ በእኛ በኩል ያለውን ግድግዳ መሥራት አይችልም ነበር።

«እማማ፣ ፈቃድዎን ልጠይቅ ነው የመጣሁት።»

እናቴ ከበርበሬዋ ቀና አለች። «ስንት ፎቅ ነው?»

«ሁለት ነው እማማ።»

«ሁለት ከሆነ አይጎዳኝም። ከዚያ ካለፈ ግን እንጀራዬን ነው የምትዘጋው። ቃልህ ነው?»

«ቃሌ ነው።»

«እንግዲያው ትከል።»

ያኔ አልዋሸም። አቶ አያሌው ሁለት ብሎት ነበር፤ እሱም አምኗል። የሁለተኛው ፎቅ ሶሌታ፣ የኮንክሪት ጣሪያው፣ ሲሞላ ግን ቀና ብዬ ባይ የየኮለኑ ምሰሶ ፌሮ ብረት ከሶሌታው በላይ ተቀስሮ ቀርቷል። አልተቆረጠም፤ ሌላ ፎቅ የሚጠብቅ ይመስላል።

በዚያው ሰሞን እኔና እሱ ከጠቡ አልፈን ነበር። አንድ ቀን ዝናብ ይዞት ቁርስ ቤቱ ውስጥ ሁለታችን ብቻ ቀረን። ቆርቆሮው ስለሚጮህ መነጋገር አልቻልንም። ዝም ብለን ተያየን፣ ቆየን፤ ቀድሜ ዓይኔን የሰበርኩት እኔ ነኝ።

ዝናቡ ሲያባራ «ብሬ፣ ሽማግሌ ልልክ ነው» አለኝ። ብርነሽ ነው ስሜ፤ እስከዚያ ቀን ብሬ ብሎ የጠራኝ ሰው አልነበረም።

«ድንቄም! ማን እሺ አለህ?»

«አንቺ።»

«መቼ?»

«ቅድም፣ ዝም ስንል።»

እውነቱን ነው፣ እሺ ብዬዋለሁ። ደስታው ግን አላስቀመጠኝም። «የሺዋስ፣ ያ ፌሮ ለምን አልተቆረጠም?»

ፊቱ ልውጥ አለ። «ለወደፊት ነው። ሰው ሁሉ እንዲያ አድርጎ ይተወዋል፤ ልጅ ልጁ ይቀጥልበታል ብሎ።»

ይቺኛዋ ውሸት ናት። አቶ አያሌው «አራት ይሆናል» ብሎ ከነገረው ሰንብቷል። ለምኖትም ተጣልቶትም እንዳልሆነለት ኋላ ሰማሁ። ያኔ ግን እኔን እንዳያጣ ፈርቶ አፉን ያዘ። ዛሬም ሳስበው የሚያንገበግበኝ ያ ዝምታው ነው።

ሽማግሌዎቹ እሑድ ሊመጡ፣ ቅዳሜ ለሦስተኛው ፎቅ ባሕር ዛፍ ሲወጣ ዋለ። እናቴ በረንዳ ላይ ቆማ አየች።

እሑድ መሪጌታ ሙላቴ ሁለት ሰዎች አስከትለው መጡ። ሽማግሌ «ተቀመጡ» ካልተባለ አይቀመጥም፤ እናቴ አላለቻቸውም። ቆመው ቀሩ።

«ልጅዎን ለልጃችን ልንለምን ነው» አሉ መሪጌታ።

«የማን ልጅ ነው?»

«የሺዋስ ይባላል። ይኸው ጎረቤትዎ የሚሠራው ፎርማን።»

«እስቲ ቀና በሉ» አለችና በእጇ ወደ ፎቁ አሳየቻቸው። «አያችሁ? ፀሐዬን የወሰደ ሰው ልጄን አይወስድም።»

«ኧረ እሜቴ፣ ረጋ ይበሉ። ጥሎሹን እንዳሻዎ ይጠይቁ። ወርቅም ቢሉ፣ ቀሚስም ቢሉ…»

«ወርቅ በርበሬ ያደርቅልኛል? የጧት ፀሐይ ይዛችሁ ኑ! ያን ጊዜ ተቀመጡ እላችኋለሁ።»

ወሬው ሳይውል ሳያድር ከተማውን አዳረሰ። «ፀሐይ ለጥሎሽ የተጠየቀባት ልጅ» እየተባልኩ ባጃጅ ነጂው ሁሉ መሳቂያ አደረገኝ። ሰኞ ጧት ሽርጤን እንኳ ሳልፈታ ሠራተኞቹ መሐል ገባሁ።

«ቃልህን በላህ!» አልኩት የሺዋስን። «እናቴ አንተን አምና ግቢዋን ከፈተችልህ። እኔ ደግሞ ዓይንህን እያየሁ ጠየቅኩህ፣ ዓይኔን እያየህ ዋሸኸኝ!»

«ብሬ፣ ብነግርሽ ትሄጃለሽ ብዬ ነው…»

«ይኸው ሄድኩልህ!»

ጠላሁት። መጥላቴን ለራሴ ደጋግሜ ነገርኩት፤ ሆዴ ግን አልሰማ አለኝ።

ሦስተኛው ፎቅ እንዳለቀ ግንበኛው ሞላ፣ ከሥራው ቦታ እየመጣ እኔ ዘንድ የሚበላው፣ እንቁላሉን ሳይነካ ተቀምጦ «የሺዋስ ሥራውን ጥሎ ወጣ» አለኝ። አራተኛውን አልሠራም ብሎ ቆቡን አቶ አያሌው እግር ሥር አስቀምጧል። አቶ አያሌው ስቆ «አንተ ብትሄድ ፎቁ የሚቀር መሰለህ?» ብሎታል።

ልክ ነበር። በሦስተኛው ቀን ሌላ ፎርማን መጣ፤ አራተኛው ፎቅም ወጣ። በጥቅምት አዲሱ በርበሬ ሲገባ ግቢያችን ረፋድ እስኪሆን ጨለማ ነው። እናቴ ሰሌኗን ከወዲያ ወዲህ ትጎትታለች፤ ጥላው ይከተላታል። አንድ ቀን ዛላውን ስትገለብጥ ሻግቶ አገኘችው። አልጮኸችም፣ አልተራገመችም፤ በእቅፏ እያፈሰች ቆሻሻ ላይ ደፋችው። አንጀቴን በላችው። አቶ አያሌው ደግሞ አያፍርም፣ በአጥሩ ላይ አንገቱን አስግጎ «አበበች፣ ሸጠሽልኝ ብትገላገይ አይሻልም?» ይላታል። «እሬሳዬን ግዛ!» ብላው ገባች።

በማግሥቱ ጎሕ ሲቀድ ግቢያችን ውስጥ ሰው ቆሟል። የሺዋስ ነው። ከስቷል። ግድግዳ ተደግፎ መሬት መሬቱን ያያል።

«ምን ልትወስድ መጣህ ደግሞ?» አለችው እናቴ።

«ጥላውን እያየሁ ነው እማማ።»

«ሠርተኸው ስታበቃ?»

ፀሐይዋ ከፎቁ ጫፍ እስክትወጣ ከቦታው ንቅንቅ አላለም። ከዚያ ወደ እኔ መጣ። «ጥላው ቀድሞ የሚለቀው ያንቺን ጣሪያ ነው» አለኝ። «ምዕራብ ጥግ ነው፣ ከፍታም አለው። ቆርቆሮውን አንሥቼ ሶሌታ ልሙላበት። ላዩ ላይ ታሰጣለች።»

«ቁርስ ቤቴስ?»

«ሶሌታው እስኪጠነክር ትዘጊያለሽ።»

ለካ ፍቅር እንዲህ ያለ ነገርም ይጠይቃል! ቤሩት የሰው ቤት ስወለውል የኖርኩት ለዚያች ቁርስ ቤት ነው። ጎረቤት ደግሞ አቶ አያሌው በፎቁ ሥር ያሰናዳው ካፌ ሊመረቅ መብራት እየተሰቀለለት ነበር። አንድ ወር ብዘጋ ደንበኞቼ ማን ጋ እንደሚገቡ ለማወቅ ጠንቋይ አያስፈልግም። ወደ ቆሻሻው ዞር ብዬ የተደፋውን በርበሬ አየሁ።

«አንሣው» አልኩት። «ግን ለእናቴ ብዬ ነው።»

«እኔም…»

«አንተ ዝም በል!»

በየማዕዘኑ ኮለን አቆመ፤ ቆርቆሮውን አወረደ፤ ወደ ላይ የሚያወጣ ደረጃም አበጀ። ሲሚንቶውን እኔ፣ ፌሮውን እሱ ቻልን። ካፌው ተመረቀ፣ ሙዚቃው ግድግዳችንን አንቀጠቀጠው፣ ደንበኞቼም ማኪያቶ ፍለጋ ገቡ። እናቴ በአጠገቡ ስታልፍ «እግዜር ይስጥህ» ቀርቶ «ውኃ ጠጣ» እንኳ አላለችውም። ስሙንም አትጠራም፤ «ያ ሰውዬ» ነው የምትለው።

የሙሌቱ ሐሙስ፣ ግንበኛው ሞላና ጓደኞቹ ያለ ደሞዝ መጡ። በጉን እኔ ገዝቼ አሳረድኩ፤ ሶሌታ ሲሞላ ባለቤቱ ማብላት ደንብ ነው። ሌላው ደንብ ደግሞ ምርቃት ነው፤ የቤቱ ትልቅ ሰው ሳይመርቅ አንድ አካፋ አይነሣም። የቤቱ ትልቅ እናቴ ናት። እሷ ደግሞ በሯን ዘግታለች።

ሠራተኞቹ አካፋቸውን ተደግፈው ቆሙ። እኔ በሩን መታሁ፤ አልተከፈተም። «እማዬ፣ እባክሽ!» ብዬ ደግሜ መታሁ። የሺዋስ አንገቱን ደፍቶ ከአሸዋው አጠገብ ቆመ። ያን ጊዜ ፊቱን ሳይ እንደማልጠላው ቁርጡን አወቅኩ፤ እናቴ ካልወጣች እኔም ያለ እሱ ልቀር ነው።

በሩ ተከፈተ። ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች። አንድ በአንድ መረቀቻቸው፤ «እጅህ አይዛል፣ ልጅህ ይደግልህ» እያለች ሞላን፣ ጓደኞቹን፣ ውኃ የምትቀዳውንም ልጅ። የሺዋስ ዘንድ ስትደርስ ቆም አለች። ራሱን ዝቅ አደረገ።

«ያንተን ምርቃት» አለችው፣ «ስወጣበት አየዋለሁ።»

አለፈችው። ሙሌቱ ተጀመረ።

ሶሌታው ጠንክሮ ቁርስ ቤቱን በከፈትኩ ጧት እናቴ ደረጃውን ብቻዋን ወጣች። ሰሌኗን ራሷ ተሸከመች፤ ማንም እንዲያግዛት አልፈለገችም። የሺዋስ ከታች አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ያዘዘውን ፉል አልቀመሰም። እኔም ሻዩን ስኳር ሳልጨምር ለሰው አቀረብኩ። ከላይ ዛላው ሲበተን ኮሽ ኮሽ ይላል። ብዙ ቆየች።

«ብርነሽ!» አለች ከላይ።

«አቤት እማዬ!»

«ያን ሰውዬ ላኪው።»

«የቱን ሰውዬ?»

«ያንቺን ነዋ! ሌላ የማንን እጠራለሁ?»

የሺዋስ አግዳሚውን ጥሎ ተነሣ። ደረጃውን ሲወጣ እኔ ሥሩ ቆሜ ጆሮዬን አቀናሁ። እናቴ ቀይ የሆነ መዳፏን ቀሚሷ ላይ እየጠረገች፣ ሳታየው፣ «መሪጌታን ላክ» አለችው። «ጥሎሹ ደርሶኛል፣ ይምጡና ይቀመጡ በላቸው። እሑድ ግን እንዳይሆን፣ ማኅበር አለብኝ።»

እልል ልበል ብዬ አፌን ስከፍት ከውስጥ አንዱ ደንበኛ «እንቁላል ፍርፍር የታዘዘው የት ደረሰ?» ብሎ ጮኸ።

«ዛሬስ ተራብ!» አልኩትና ደረጃውን ወጣሁ።