ወደ ቀኝ የሚሸሽ ኳስ

ኑርዬ የተገኘው ደንገሉ ውስጥ ነው። በግንባሩ ተደፍቶ።

ውሃው ጉልበት አይደርስም። ሠላሳ ዓመት ከሐይቁ ዓሣ ሲያወጣ የኖረ ሰው፣ ሕፃን በሚንቦራጨቅበት ውሃ ሰጠመ ቢሉ ማን ያምናል?

መጀመሪያ ያዩት የእስጢፋኖስ ገዳም መነኩሴ አባ ገብረ ክርስቶስ ናቸው። ሁለቱ ሃያ ዓመት ሙሉ በየማለዳው በውሃው ላይ ተጠራርተዋል። አባ፣ «ኑርዬ፣ እንዴት አደርክ?» ይላሉ። ኑርዬ ከታንኳው፣ «አልሐምዱሊላህ አባ!» ይላል። በዚያ ማክሰኞ ግን አባ ሦስት ጊዜ ተጣሩ። መልስ የለም። ታንኳው ብቻውን ይዋልላል።

ዋና ሳጅን ወይኒቱ ከሐይቅ ከተማ በባጃጅ ስትደርስ ሬሳው ወጥቶ ሣር ላይ ተኝቷል። ጎንበስ አለች። ከቀኝ ቅንድቡ በላይ ክብ እብጠት አለ። እብጠቱ ላይ ቆዳው በጥቃቅን ጉድጓዶች ታትሟል። የማር እንጀራ ይመስላል።

«ድንጋይ ነው» አለ አንዱ።

«እንዲህ ያለ ድንጋይ ካለህ አሳየኝና ልማር» አለችው።

አባ ገብረ ክርስቶስን ያነጋገረቻቸው ከገዳሙ በር ውጭ ነው፤ ሴት አይገባበትም።

«ሌላ ያዩት ነገር አለ፣ አባ?»

«ሰው አላየሁም ልጄ። ከዛፎቹ መሐል ሆኜ አንዲት ነጭ ወፍ አየሁ። ከግጦሹ ሜዳ ተነሥታ ወደ ሰፊው ውሃ በረረች። ከዚያ ሐሳቧን እንደ ለወጠች ሁሉ ወደ እኛ ወደ ገዳሙ ታጥፋ ደንገሉ ውስጥ ወደቀች።»

እስከ ቀትር ወሬው ከተማ ገብቷል። ወፏ የኑርዬ ነፍስ ናት ተባለ። ወይኒቱ ግን ቃሉን እንዳለ ጻፈችው። ነፍስም ትሁን ወፍ፣ የምስክር ቃል አይጣልም።

መጀመሪያ የተያዘው አብደላ ነው። እሱም አስጋሪ ነው፤ ከኑርዬ ጋር በመረብ ቦታ ተጣልተው ነበር።

«መረቡን ቆርጠህበታል።»

«እሱም ቆርጦብኛል። ተቆራርጠናል። መረብ ቆረጥኩ እንጂ አንገት አልቆረጥኩም፣ እህቴ።»

«ሳጅን በለኝ። ማክሰኞ ጠዋት የት ነበርክ?»

«ውጫሌ። ከሱብሂ ሶላት በፊት ነው የወጣሁት። ረዳቱ ዓሣህ ሸተተ ብሎ ሚኒባሱ ጣራ ላይ ሊጭነኝ ምንም አልቀረው። ጠይቂው፤ ስድቡን እስካሁን አልጨረሰም።»

ረዳቱ ተጠየቀ። እውነትም አልጨረሰም።

ከሰዓት በኋላ ታንኳው ሲራገፍ ከዓሣው ሥር አንድ ነገር ተንከባለለ። ነጭ፣ ክብ፣ ጠንካራ። ላዩ በጥቃቅን ጉድጓዶች የተሞላ። የጎልፍ ኳስ።

በሐይቁ ዙሪያ እንዲህ ያለ ኳስ ያለው አንድ ሰው ብቻ ነው።

አሕመዲን ዱባይ ሰባት ዓመት የጎልፍ ሜዳ ሣር ሲያጭድ ኖሮ አምና ተመለሰ። ሰው ከዱባይ ቴሌቪዥን ያመጣል፤ እሱ አንድ የተጣለ የጎልፍ ዱላና አንድ ከረጢት ኳስ አመጣ። ጠዋት ጠዋት ግጦሹ ላይ ቆሞ ወደ ሐይቁ ይመታል። «ዓሣ በቦምብ ሊያጠምድ ነው» እያሉ ሳቁበት። ግድ አልሰጠውም።

ቤቱ ሲደርሱ በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል። እጆቹን ራሱ ዘረጋ።

«እኔ ነኝ» አለ፣ ማንም ሳይጠይቀው።

ወይኒቱ ካቴናውን ይዛ ትንሽ ቆየች። አሥራ አንድ ዓመት ፖሊስ ሆናለች። ገዳይ ሲክድ፣ ሲያለቅስ፣ ሲሮጥ አይታለች። እንዲህ የሚቸኩል አላየችም።

«ለምን ገደልከው?»

«ልጁን ከልክሎኝ።»

ምክንያቱ ልክ ገባ። ከሦስት ወር በፊት ኑርዬ ሴት ልጁን ራህማን ለአንድ ነጋዴ ሊድራት ነበር። እሷ ሽማግሌ በተሰበሰበበት፣ «ካገባሁም አሕመዲንን ነው» አለች። ኑርዬ ተነሥቶ፣ «ወላሂ፣ ከእንግዲህ ፊትሽን አላይም!» ብሎ ማለ። የማለውንም ጠበቀ። ልጅቱ ምግብ ስታቀርብ ወደ ግድግዳ ይዞራል። ደንገል አጭዳ ስታመጣለት ጀርባውን ሰጥቶ ይቀበላል። አንድ ቤት ውስጥ ሦስት ወር!

የጣቢያው አዛዥ ኢንስፔክተር ሙሉጌታ ደስ አለው። «ኳስ አለ፤ ጠብ አለ፤ ቃሉን ሰጥቷል። ዝጊው።»

«መርቶ ያሳየን» አለች ወይኒቱ።

«ያመነ ሰው ምን ያሳያል?»

«ያመነበትን።»

በሦስተኛው ቀን ጠዋት አሕመዲንን ግጦሹ ላይ አቆሙት። ፊት ለፊት ሐይቁ ነው። በስተግራ ገዳሙ፣ ከሱ ወዲህ ደንገሉ። በስተቀኝ ሰፊው ውሃ። ካቴናው ተፈታለት።

«እንደዚያ ቀን ምታ።»

መታ። ኳሱ ሽው ብሎ ወጣ፤ ከሰማዩ ጋር ሲታይ ነጭ ወፍ መሰለ። ወይኒቱ የአባን ቃል አስታወሰች። ወፉ ወደ ፊት በረረ፤ ከዚያ ወደ ቀኝ ጎበጠና ሰፊው ውሃ ውስጥ ገባ።

«ድገም።»

ቀኝ። ደገመ፤ ቀኝ። አምስት ኳስ፣ አምስቱም እንደ ተጠሩ በጎች ወደ ቀኝ።

«አሁን ወደ ግራ አጥፈህ ምታልኝ።»

«ወደ ግራ አይታጠፍም።»

«ለምን?»

«ኳስ ወደ ቀኝ ነው የሚሸሸው። ተፈጥሮው ነው። እኔ እንደውም ሱናውን ያውቃል፣ ቀኙን ያስቀድማል እያልኩ…» ፈገግታው ከንፈሩ ላይ ሞተ።

«ሌሎቹ ሲመቱ አላየህም እዚያ ዱባይ?»

«እኔ የማየው ሣሩን ነበር፣ ሳጅን። ቀና ብሎ የሚያይ ሠራተኛ ይባረራል። የራሴን የመታሁት ጎህ ሲቀድ፣ ማንም ሳይኖር ነው።»

«ግራ እጅህን ስጠኝ።»

አንጓው ላይ ረጅም ጠባሳ አለ። የሣር ማጨጃው ማሽን የሰበረው ነው፤ ውስጡ ብረት ገብቷል። እጁን ልታዞረው ሞከረች። እንደ ዛገ በር እጀታ ደረቀባት።

ወይኒቱ ልጅ ሳለች ኳስ ተጫውታለች፤ ከወንዶቹ ጋር፣ ወንዶቹ እያኮረፉ። የማዕዘን ምት እሷ ነበረች የምትመታው። ኳስ ልብ እንደሌለው ታውቃለች፤ ቀኝም ግራም አይወድም። ጠርገህ ስትመታው ይሽከረከራል፤ ሲሽከረከር ይታጠፋል። የዚህ ሰው አንጓ አይዞርም። ስለዚህ የዱላው ፊት ወደ ቀኝ እንደተከፈተ ይቀራል፤ እጁ ደግሞ ወደ ግራ ይጎትታል። ብረቱ ኳሱን ጠርጎት ያልፋል። አሕመዲን የኳስ ሕግ ያለው የገዛ ስብራቱን ነው።

የአባ ወፍ ግን ወደ ግራ ነው የታጠፈችው።

መሬቱን አየች። በተመታ ቁጥር ብረቱ ሣሩን ልጦ ጠባሳ ይተዋል። የአሕመዲን ጠባሳዎች በሙሉ ወደ ግራ ያዘነበሉ ናቸው። ከነሱ ሦስት እርምጃ ወዲያ ግን ሌሎች ነበሩ። ቀጠን ያሉ፣ ወደ ቀኝ ያዘነበሉ። አጠገባቸው ጭቃ ላይ የላስቲክ ጫማ አሻራ አለ። ትንሽ እግር።

«ይህን ዱላ ሌላ ማን ይይዘዋል?»

«ማንም።»

«አሕመዲን።»

«ማንም! እኔ ነኝ አልኩሽ። ምን ትፈልጊያለሽ? ሰው ገደልኩ ብሎ የሚለምን አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም» አለች። «ለዚህ ነው የማላምንህ።»

የኑርዬ ቤት ያን ቀን ሰደቃ ነበር። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ተሰብስቧል። ለዱዓ የሚቀመጠው ሰው ከዳሱ ስለተረፈ፣ ሴቶች ውጭ የሚነጠፍ ቄጠማ ከሐይቁ ዳር ያጭዳሉ። ወይኒቱ ከሩቅ ቆመች።

ራህማ ከነሱ ተነጥላ ብቻዋን ታጭዳለች። ሐዘንተኛ ነሽና ተቀመጪ ቢሏት እምቢ ብላለች። ማጭዷ ከሰውነቷ አጠገብ ይነሣና ወደ ውጭ ይከንፋል፤ መጨረሻው ላይ አንጓዋ ፍልቅ ብሎ ይገለበጣል። ቄጠማው በግራዋ ይተኛል። ደግማ ትሰነዝራለች፤ በግራዋ ይተኛል። ከልጅነቷ ጀምሮ ለአባቷ ታንኳ ደንገል ያጨደችው በዚህ እጅ ነው። እጅ አንዴ የተማረውን፣ ማጭድ ስትቀበለው ዱላም ላይ ይደግመዋል።

እግሯ ላይ የላስቲክ ጫማ ነው። ትንሽ እግር።

ወይኒቱ ወደ ውሃው ዳር ወሰደቻት። ሁለቱም ጎን ለጎን ቆሙ።

«አሕመዲን አምኗል። መዝገቡ ሊዘጋ ነው» አለች ወይኒቱ።

ራህማ ማጭዱን አልለቀቀችም።

«ዱላውን መያዝ ያስተማረሽ እሱ ነው?»

ራህማ ፊቷን ወደ ውሃው አዞረች።

«ራህማ፣ ያ ኳስ ወደ ግራ ነው የታጠፈው። አሕመዲን ነፍሱን ቢሰጥ ወደ ግራ አያጥፍም። አንቺ ግን ወደ ቀኝ ልታጥፊ አትችዪም።»

ልጅቱ መሬት ላይ ተቀመጠች።

«ወደ ቀኝ ነበር የመታሁት» አለች። «ወላሂ ወደ ቀኝ! ‹ታንኳ ካየሽ ከታንኳው በስተቀኝ ምቺ፤ ኳስ ወደ ቀኝ ስለሚሸሽ ይርቀዋል› ብሎኛል። ስንመታ ታንኳ ኖሮ አያውቅም ነበር። የሱ ብዙ ይሄዳል፣ የእኔ ግን አጭር ነው፤ ብዙ ጊዜ መሬት ለመሬት ነው የሚንከባለለው። የት እንደሚታጠፍ አይቼው አላውቅም። ያን ቀን ግን ተነሣልኝ።»

«ለምን መታሽ? አባትሽ እዚያ እያለ።»

«እንዲዞር።»

«ምን?»

«ዞር ብሎ እንዲያየኝ!» ማጭዱን ሣሩ ላይ ጣለችው። «ሦስት ወር ሳጅን! ሦስት ወር ጀርባውን ነው ያየሁት። ከፊቱ ሰፊው ውሃ ላይ ጧ ብላ ስትወድቅ ይደነግጣል፣ ይዞራል አልኩ። ቢሰድበኝስ? ቢረግመኝስ? ፊቱን ላየው ነው። ከዚያ ኳሷ መታጠፍ ጀመረች። እያየኋት። ወደሱ። ‹አባዬ!› ብዬ ጮህኩ።»

ነፋሱ ደንገሉን አንኮሻኮሸው።

«ዞረ» አለች ራህማ። «ስጠራው ዞረ። አየኝ። ከዚያ…»

እጇን ግንባሯ ላይ አደረገች። ከቀኝ ቅንድቧ በላይ።

በግጦሹና በደንገሉ መሐል ጥልቅ ውሃ ነው፤ እሷም ዋና አታውቅም። የሐይቅ አስጋሪ ወንድ ልጁን ዋና ያስተምራል፤ ሴት ልጁን ማጭድ ያስይዛል። ሮጣ አሕመዲንን ጠራች። እሱ ዋኝቶ ሲደርስ ኑርዬ ራሱን ስቶ ደንገሉ ውስጥ ተደፍቶ አልቋል። «ሂጂ ቤት ግቢ። ዱላውን አንቺ ነክተሽው አታውቂም» አላት። ሦስት ቀን በእናቷ ጎን ተቀምጣ አለቀሰች፤ አጽናኝ ሁሉ ገዳዩን ሲረግም፣ አሜን እያለች።

አሕመዲን ራህማ መናገሯን ጣቢያ ውስጥ ሲነገረው አልካደም። አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀ።

«ኳሷን ወደ ግራ የወሰዳት ነፋስ አይደለም ማለት ነው?»

«አይደለም። እጇ ነው። እንዳንተው። ኳስ የራሱ መንገድ የለውም።»

የደረቀ አንጓውን አገላብጦ አየው። «ታዲያ ወደ ቀኝ ምቺ ያልኳት እኔ ነኝ» አለ። «እኔ ነኝ ስላችሁ አልዋሸሁም።» ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ወይኒቱ ሲያለቅስ እንዳታየው በሩን ገጠም አደረገችለት።

ክሱ ተለወጠ። በቸልተኝነት ሰው መግደል፣ ራህማ። የሐሰት ቃል መስጠት፣ አሕመዲን።

በወሎ ደም ሲፈስ ሽማግሌ ይገባል፤ በገዳይ ቤትና በሟች ቤት መካከል ዱዓ ተደርጎ ደም ይደርቃል። የኑርዬን ጉዳይ የያዙት ሽማግሌዎች ሁለት ቀን ተቀመጡ። ሁለት ቀን ምንም አልወሰኑም። ደም ለማድረቅ ሁለት ቤት ያስፈልጋል። እዚህ ቤቱ አንድ ነው።

በሦስተኛው ቀን የራህማ እናት ዙለይሃ ጣቢያው በር ላይ ቆመች። ነጠላዋን ለሐዘን አሸርጣለች። በእጇ በጨርቅ የተቋጠረ ሰሐን ይዛለች።

ወይኒቱ ከወንበሯ ተነሣች። «እትዬ ዙለይሃ…»

«እንደ ባለ ደም ነው የመጣሽው ወይስ እንደ እናት ብለሽ ልትጠይቂኝ ነው? ሽማግሌዎቹም ይህንኑ ነው የሚጠይቁኝ። ደከመኝ።»

«አልጠይቅም።»

«በይ እንግዲያው ክፈቺልኝ። ምግብ ከቀመሰች ስንት ቀኗ ነው?»

ወይኒቱ ከፈተችላት። ራህማ ማዕዘኑ ውስጥ ተቀምጣለች። እናቷን ስታይ ፊቷን ሸፈነች። ዙለይሃ ሰሐኑን መሬት አስቀመጠች። አጠገቧ ቁጭ አለች። የልጇን እጆች አንድ በአንድ ከፊቷ ላይ አነሣች።

«አንድ ነገር ንገሪኝ። እውነቱን።»

«እሺ።»

«ስትጠሪው ዞሯል?»

«ዞሯል፣ እማዬ።»

«ፊትሽን አይቷል?»

«አይቷል።»

ዙለይሃ ቋጠሮውን ፈታች፤ የመጀመሪያውን ጉርሻ ጠቀለለች።

«እንግዲያው ታርቃችኋል» አለች። «ብዪ።»