ለሚናው የተፈጠሩ ሰዎች

ኢንስፔክተር ዴሳንካ ሩዢች ሬሳ አያስደነግጣትም፤ ተዋናይ ግን ያንገሸግሻታል። በኅዳር ሚካኤል ዕለት፣ ምሳ እንኳ ሳይቀርብ፣ ካርሎቭትሲ ወዳለው የደራሲው ቤት ተጠርታ ስትደርስ ሁለቱንም ባንድ ጣራ ሥር አገኘቻቸው።

ሬሳው የስቬቶዛር ክልያይች ነው። አገር ምድሩ እሑድ ማታ ሥራውን ጥሎ የሚያየውን «የወይን ኮረብታ» የተሰኘ ተከታታይ ድራማ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ የጻፈው እሱ ነበር። ምድር ቤት ውስጥ ከወይን በርሜሎቹ ፊት በደረቱ ተደፍቷል። ማጅራቱን የመታው ከባድ የሸክላ ማንቆርቆሪያ አጠገቡ ተሰባብሯል። የበርሜሉን ቧንቧ የዘጋው ስላልነበረ ቀይ ወይን ወለሉን አጥለቅልቆታል።

«መጀመሪያ ያየው ማነው?» አለች ዴሳንካ።

«እኔ ነኝ» አለች ሚስቱ ሉቢንካ። ሽርጧን አላወለቀችም። «ወንበር ልዋስ ጎረቤት ሄጄ ነበር። ተመልሼ ወይን ቀድቶ እንደሆነ ብዬ ብወርድ… ጮህኩ። ሁሉም እየተንደረደሩ ወረዱ። ዶክተሩ እጁን ይዞ አየውና አበቃለት አለን።»

«የቱ ዶክተር?»

ሉቢንካ በአገጯ ወደ ሳሎን ጠቆመች። እዚያ ሽበቱን አበጥሮ የተቀመጠው ትሪፉን ነው፤ በድራማው ላይ ስንቱን ከሞት አፋፍ የመለሰ ሐኪም። በእውኑ ዓለም የሕክምና ትምህርት ቤትን ደጃፍ ረግጦ አያውቅም።

«አምቡላንስስ?»

«ዶክተር እያለ አምቡላንስ ምን ያደርጋል ብለን…» አለችና ሉቢንካ የገዛ አፏ ያወጣውን ሰምታ ፊቷን በሽርጧ ሸፈነች።

ይባስ ብሎ በድራማው ቄስ የሚሆነው ጋቭሪሎ የሙታን ጸሎት አድርሶለታል። የቀሩትም አሜን ብለዋል። ዴሳንካ ይህን ስትሰማ ወደ ጣራው ቀና ብላ በረጅሙ ተነፈሰች።

በዚህ መሃል አለቃዋ ኮማንደር ስላቭኮ ደወለ።

«ራዶዬን አሰርሽው?»

«ለምን ብዬ?»

«ለምን ትያለሽ! ነፍሰ ገዳይ ነዋ! ባለፈው ዓመት ወንድሙን ወንዝ ውስጥ ሲደፍቀው አላየሽም?»

«ኮማንደር፣ እሱ እኮ ድራማ ነው።»

«ይሁና! ሰው ውስጡ ከሌለ እንደዚያ አይሠራም። ደግሞ አባ ጋቭሪሎ ራሱ ደውሎልኛል፤ ወደ ምድር ቤት ሲወርድ በዓይኔ አይቼዋለሁ ብሏል።»

«አባ?»

«ማለቴ… ተዋናዩ። ብቻ ከምሳ በኋላ ለጋዜጠኞች የገዳዩን ስም እሰጣለሁ። እስከዚያ ሌላ ሰው ካላመጣሽልኝ ራዶዬን ይዘሽልኝ ነው የምትመጪው።»

ስሙ አንዴ ከተነገረ የትኛውም ዳኛ ራዶዬን በነጻ እንደማይለቀው ዴሳንካ ታውቃለች። ዳኞቹም እሑድ እሑድ ቴሌቪዥን ያያሉ።

ቤቱን ተዘዋውራ አየች። ምድር ቤቱ ሁለት መግቢያ አለው፤ አንዱ ከማድ ቤት የሚወርደው ደረጃ ነው፣ ሌላው ወደ ፕለም ዛፎቹ የሚያወጣው የጓሮ በር። የጓሮውን በር ሉቢንካ ጠዋት ተቀርቅሮ አይታዋለች፤ አሁን መቀርቀሪያው ተስቧል። የፊት በሩ መግቢያ ላይ የእንግዶቹ ጫማ ተደርድሯል። በአንዲት ትንሽ ጠረጴዛ ላይ ባርኔጣና ሻርፕ ተከምሯል። ሳሎን ውስጥ የበዓሉ ሻማ፣ የበዓሉ ዳቦና ቀይ ወይን በነጭ ጨርቅ ላይ ቀርበዋል። እንግዶቹ በሉቢንካ ነጠላ ጫማዎች ሆነው ተቀምጠዋል። ሁሉም ሬሳው ጋ ወርደው ስለነበር ነጠላ ጫማዎቹ በወይን ርሰዋል። ዴሳንካ በሩ ላይ ያሉትን ጫማዎች አንድ በአንድ አነሳች፣ አገላበጠች፣ ወደየቦታቸው መለሰች።

ከዚያ በየተራ ታነጋግራቸው ጀመር።

ኮሳራ በድራማው የሰባት ልጆች እናት ናት። አገሩ በሙሉ «እማዬ» ይላታል፤ እሷ ግን በሕይወቷ ድመት እንኳ አሳድጋ አታውቅም። የራኪያ አረቄዋን ጨብጣለች።

«ልጄ፣ እኔ ምን አውቃለሁ ብለሽ ነው?» አለች። «ስቬቶዛር በየዓመቱ በሚካኤል ቀን ወይን ልቅዳ ይልና አንድ በአንድ ምድር ቤት ያወርደናል። ለሚቀጥለው ዓመት ምን እንደጻፈልን የሚነግረን እዚያ ነው። የፍርድ ቀን በይው!»

«አንቺን ምን ፈረደብሽ?»

«ሽባ አደረገኝ! ዓመቱን ሙሉ አልጋ ላይ ተኝቶ ደመወዝ መብላት! ግንባሩን ስሜው ወጣሁ።»

«ስትገቢ ማን ተቀበለሽ?»

«ሉቢንካ ናታ! ያንን የበለስ ማርማላታዋን በማንኪያ አጎረሰችኝ። ጥርሴን ልታረግፈው!»

«ጋቭሪሎስ? ሁልጊዜ አብሯችሁ ይመጣል?»

«እሱ? እዚህ ቤት እግሩ ረግጦ አያውቅም። ሚካኤል ቀን በየመንደሩ እየዞረ ሲባርክ ነው የሚውለው። ዘንድሮ ስቬቶዛር በግድ ና ብሎት ነው።»

ትሪፉን ወደ ጀርመን ሊላክ ነበር፤ ማለትም ከድራማው ሊወጣ። መከፋቱን አልደበቀም። ሉቢንካ ጎረቤት በሄደችበት ሰዓት ግን ሳሎን ውስጥ የኮሳራን የደም ግፊት ይለካ ነበር።

«በምን?»

«በእጄ።»

«በእጅዎ ግፊት ይለካሉ?»

«ልምድ ነው» አለ ትሪፉን ኮራ ብሎ።

ዴሳንካ እንዲህ ያለ ጅል ሰበብ ሰው ለማስመሰል ብሎ ሊፈጥረው አይችልም ብላ ተቀበለችው። ኮሳራም አልካደችም። ለእሱም ማርማላታውን ሉቢንካ በማንኪያ ሰጥታዋለች፤ ስኳሩ ለልብ ጠንቅ ነው ሲል አስጠነቀቃት።

ራዶዬ ጥግ ላይ ነበር የተቀመጠው። ቅንድቡ የተጋጠመ፣ አፍንጫው የተቆለመመ፣ ሕፃን የሚያስለቅስ ፊት አለው። ድምፁ ግን ለስላሳ ነው።

«ገደለኝ» አለ ፈገግ እያለ።

«ማን?»

«ስቬቶዛር። የሚቀጥለው ዓመት መጀመሪያው ክፍል ላይ መብረቅ ይመታሃል አለኝ። ለስንት ዓመት ግደለኝ እያልኩ ለምኜዋለሁ መሰለሽ? ልጄ ትምህርት ቤት የተመዘገበችው በእናቷ አባት ስም ነው። እኔ ላደርሳት አልችልም። ዳቦ ልገዛ ስገባ ሰልፉ ይበተናል።» ፈገግታው ጠፋ። «በደስታ በረንዳ ላይ ወጥቼ ሳጨስ ነበር ጩኸቱን የሰማሁት። ያየኝ ሰው የለም። አሁን ማን ያምነኛል? ይህን ፊት ይዤ?»

«ስትመጣ ምን አቀረቡልህ?»

ግራ ገብቶት አያት። «ማርማላታ… የበለስ። ሉቢንካ በእጇ።»

የመጨረሻው ጋቭሪሎ ነበር። ጢሙ እስከ ደረቱ ይወርዳል፤ ጥቁር ካፖርቱን አላወለቀም። ገበያ ሲወጣ ሴቶች እጁን ይስሙታል፣ አይቡንም እንቁላሉንም በነጻ ይሸክፉለታል። እሱም አልቀበልም ብሎ አያውቅም። ዴሳንካን ሲያይ ሁለት ጣቱን አነሳ።

«ይባርክሽ፣ ልጄ።»

«ኢንስፔክተር ቢሉኝ ይበቃል። ከመጡ ጀምሮ ይንገሩኝ።»

«በፊት በር ገባሁ። ሉቢንካ ማድ ቤት ጉድ ጉድ ስትል ሰማሁ፤ አላስቸግራትም አልኩ። ጫማዬን አወለቅሁ። መግቢያው ላይ ካለው ጠረጴዛ ንጹሕ ማንኪያ አንስቼ፣ አማትቤ፣ የተቀቀለውን የበዓል ስንዴ ቀመስኩ። ማንኪያውን ውሃው ብርጭቆ ውስጥ ከተትኩ። ከዚያ አግዳሚው ላይ አረፍ እንዳልኩ ያ ምስኪን ራዶዬ ወደ ምድር ቤት ሲወርድ አየሁት። ዓይኑ ደም ለብሶ ነበር።»

«ስንዴው ጥሩ ነበር?»

«እጅ ያስቆረጥማል! ለውዝ የበዛበት፣ ስኳሩ የተመጠነ።»

«ስቬቶዛርን አላገኙትም?»

«በቁሙ? ሳልታደል ቀረሁ» አለና ዓይኑን በመዳፉ ጠረገ። እንባ ግን አልነበረም።

ዴሳንካ ማድ ቤት ገብታ ሉቢንካን ሁለት ነገር ጠየቀቻት። ወጥታ ሁሉንም ሳሎን ሰበሰበቻቸው። ሁለት ፖሊሶች በሩ ላይ ቆሙ። ራዶዬ እጆቹን አስቀድሞ ዘርግቶ ነበር፤ ካቴናው ለእሱ የመጣ መስሎታል።

«እጅህን ሰብስብ» አለችው። «እናንተ ሰዎች አንዳችሁም የገዛ ሕይወታችሁን አትኖሩም። ሐኪሙ ሐኪም መስሎታል፣ እናትየዋ እናት መስሏታል። እኔም ከመጣሁ ጀምሮ ድራማ ሳይ ቆየሁ። እስቲ አሁን እውነቱን እንየው።»

«ይህ ስድብ ነው!» አለ ትሪፉን።

«ነው» አለች ዴሳንካ። «መጀመሪያ፣ የጓሮው በር። ተቀርቅሮ ነበር፤ መቀርቀሪያው የሚሳበው ደግሞ ከውስጥ ብቻ ነው። ስለዚህ ስቬቶዛር ራሱ ከፍቶ ከውጭ የመጣ ሰው አስገብቷል። ኮሳራ፣ ትሪፉንና ራዶዬ ቀድመው ቤት ገብተዋል፤ ሉቢንካ አጉርሳቸዋለች። ወደ ምድር ቤት መውረድ ቢያሻቸው ደረጃው አለላቸው። ከውጭ ሊመጣ የሚችል አንድ ሰው ብቻ ቀርቷል።»

«እኔ በፊት በር ነው የገባሁት» አለ ጋቭሪሎ በዚያ በሚያስገመግም ድምፁ። «ስንዴውን ቀምሼ…»

«የቱን ስንዴ?»

ዴሳንካ ወደ ሚስትየዋ ዞረች።

«ሉቢንካ፣ ስንዴሽ የታለ?»

«ስንዴ?» አለች ሉቢንካ። «በሚካኤል ቀን? በእኛ ቤት ስንዴ የሚቀቀለው ለሙታን ነው። ሚካኤል ሕያው ነው፤ ለሕያው ማን ስንዴ ይቀቅላል? እናቴም አላደረገችው፣ አያቴም አላደረገችው።»

«እኔ በቤቴ የማከብረው ቅዱስ ኒኮላን ነው፤ እኛ ቤት ስንዴ አይቀርም» አለች ዴሳንካ። «ለዚህ ነው ሳሎኑን ሳይ የጎደለው ነገር ዓይኔ ውስጥ የገባው። እርስዎ የነገሩኝ በዓል ግን የዚህ ቤት አይደለም፤ የድራማው ነው። ስንዴው መግቢያው ላይ፣ ንጹሑ ማንኪያ በአንድ ብርጭቆ፣ የተበላበት በሌላ ብርጭቆ። አሥራ ሁለት ዓመት ካሜራ ፊት ቀምሰውታል። እዚህ ያ ጠረጴዛ የተሸከመው ባርኔጣ ነው። በፊት በር ብቻዎን ገብተው አግዳሚ ላይ አልተቀመጡም፤ ስለዚህ ራዶዬንም አላዩትም።»

«ሽማግሌ ሰው ነኝ። ልሳሳት እችላለሁ።»

«ይችላሉ። ጫማዎ ግን አይሳሳትም።»

ዴሳንካ ከበሩ አንድ ትልቅ ጥቁር ጫማ አምጥታ ነጩ የበዓል ጨርቅ ላይ ጫነችው። ስታነሳው ቀይ የሶል ቅርጽ ታትሞ ቀረ። ወይን ወይን ሸተተ።

«ጩኸቱን ሰምታችሁ ስትወርዱ በምን ወረዳችሁ?» አለቻቸው።

«በነጠላ ጫማ» አለች ኮሳራ። «ጫማችን በር ላይ አልነበር?»

«ሁላችሁም በነጠላ ጫማ። ታዲያ በር ላይ የተቀመጠ ጫማ ወይን ከየት ረገጠ? የዚህ ጫማ ባለቤት ጫማውን ከማውለቁ በፊት ምድር ቤት ነበር። በጓሮ ገብቶ ገደለ፣ በጓሮ ወጣ። ሉቢንካ ስትጮህና ሁሉም ሲተራመስ በፊት በር ገባ፣ ጫማውን እንደ ጨዋ እንግዳ አወለቀ፣ ወርዶም ጸሎት አደረሰ።»

«ለምን ብሎ?» አለ ትሪፉን።

«ሉቢንካ ነግራኛለች። ስቬቶዛር ለአባ የጻፈላቸው፣ የቤተ ክርስቲያኑን ሥዕል ሸጠው ከዘፋኝ ጋር እንዲጠፉ ነበር።»

ጋቭሪሎ ተነሳ። ድምፁ ለመጀመሪያ ጊዜ የራሱ ሆነ፤ ቀጭንና የሚንቀጠቀጥ።

«ሌባ ሊያደርገኝ! በሕዝቡ ፊት! ተንበርክኬ ለመንኩት። ሳቀብኝ፤ ጀርባውን ሰጥቶኝ ወይኑን መቅዳት ቀጠለ!»

«ነፍሰ ገዳይ መባል ተሻለዎት?»

«ነፍሰ ገዳይ?» አለ ጋቭሪሎ፤ ጢሙን አስተካከለ፤ ያ ወፍራም ድምፅ ተመለሰለት። «እስቲ ንገሪያቸው፣ ልጄ። ማን ሊያምንሽ?»

ዴሳንካ ካቴናውን ራሷ አሰረችለት። እንዲህ የናቀችው ሰው ትዝ አይላትም።

ውጭ ወሬው ተሰምቶ መንደርተኛው አጥሩን ሞልቶታል። በሩ ተከፍቶ ጋቭሪሎ ሲወጣ አንዲት አሮጊት ተንደርድራ የታሰረ እጁን ሳመች።

«አባታችን! ለዚያ አረመኔ ኃጢአት እርስዎ ይታሰሩ?»

«ገዳዩ እሱ ነው!» ብላ ጮኸች ዴሳንካ። «ራሱ አምኗል! ራዶዬ ምንም አላደረገም!»

«አሁን ይሄ ፊት ሰው ይገድላል?» አለ አንዱ፤ ሌሎቹም ሳቁባት። ጋቭሪሎ የታሰሩ እጆቹን አንድ ላይ አንስቶ ባረካቸው። አንገታቸውን ደፉ።

ከኋላ ራዶዬ ብቅ ሲል ሕዝቡ እንደ አንድ ሰው አጉረመረመ። የመጀመሪያው ድንጋይ በጆሮው በኩል አልፎ መስኮቱን ሰበረ። ዴሳንካ ክንዱን ይዛ፣ ካፖርቷን ራሱ ላይ ጥላ፣ እየገፋች ወደ ሁለተኛው የፖሊስ መኪና ወሰደችው።

«ነጻ ነህ አላልሽኝም?» አለ ከካፖርቱ ሥር።

«ነጻ ነህ። ጎንበስ በል።»

የመኪናውን የኋላ በር ስትዘጋበት ሕዝቡ በሙሉ አጨበጨበ።