የትንሿ ሳፋ ዛጎሎች

ዶክተር ናም ቴክጁ ጉልበት በማይደርስ የወንዝ ውሃ ውስጥ በአፉ ተደፍቶ ተገኘ። ማጅራቱ በድንጋይ ተመትቷል። ዳር ላይ አንድ የሽቦ ሳጥን ተቀምጧል፤ በወንዝ ዛጎል ተሞልቶ በሩ ታስሯል።

ኢንስፔክተር ፕዮ ኪሬ ለሬሳ ብዙ የምታዝን ሴት አይደለችም። ጎንበስ ብላ ያየችው ሳጥኑን ነው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የዶክተሩ ምስክሮች ናቸው» አለች ረዳቱ ሱራን እንባዋን እየጠረገች። የስድስት ወር እርጉዝ ነች። «ዛጎሉ ውስጥ የሚኖረው እንስሳ ውሃ እያጣራ ነው የሚበላው። ፋብሪካው የሚለቀው መርዝ ሥጋው ውስጥ ይጠራቀማል። ዶክተሩ የወንዙ አሸዋ ላይ አንድ ወር ያስቀምጣቸውና ሆዳቸውን ከፍቶ ይመረምራል። ዛሬ ነበር የሚያወጣቸው።»

«ያለፈው ወር ውጤትስ?»

«ከኔ ደብቆታል። የሾርባ ቤት ልጅ ነሽ፣ አፍሽ ሚስጥር አይችልም ይለኝ ነበር።»

ኢንስፔክተሯ አንዱን ዛጎል በቢላ ፈልቅቃ ጥሬውን አኘከችውና ተፋችው። ጥርሷ መካከል አንዳች ነገር አልተንቀጫቀጨም። የቀሩትን ወደ ላብራቶሪ ላከች።

የብረት ቅብ ፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ አቶ ቹ ዶክሱ ከወንበሩ አልተነሳም።

«መንደሩ ሁሉ እኔን እንደሚጠረጥር አውቃለሁ። ሰውዬውን እጠላው ነበር፤ ሲሞትም አላለቀስኩም። ይኸው ነው ጥፋቴ።»

«ቤትዎ ዛጎል የሚያጥበው ማን ነው?»

«ምን ዓይነት ጥያቄ ነው? ሚስቴ ናታ! እኔ ምድጃ እንኳ ለኩሼ አላውቅም።»

«ያስታውቅብዎታል» አለችው።

የሱራን እናት የእማማ ኦክ የዛጎል ሾርባ ቤት በደንበኛ ተጨናንቋል። ከጓሮ የተደረደሩት ሳፋዎች ጨው ጣል በተደረገበት ውሃ ተሞልተዋል፤ ዛጎሎቹ አሸዋቸውን እስኪተፉ እዚያ ያድራሉ። ጥግ ላይ ያለችው ትንሽ ሳፋ ግን ባዶ ነች።

«ይቺስ የማን ናት?»

«የሱራኔ ናት፣ ልጄ። የእርጉዝ ሆድ ሁሉን አይችልም ብዬ የሷን ለብቻዋ ነው የማበስለው። አለቀብኝ እንጂ ባዶ አትሆንም ነበር። ሾርባ ልቅዳልሽ?»

«ይቅርብኝ።»

በማግስቱ ኢንስፔክተሯ አቶ ቹን፣ ሱራንንና እማማ ኦክን ሾርባ ቤቱ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። በሩ ተዘግቷል፤ ትልቁ ድስት ግን ይንተከተካል።

«የላብራቶሪው መልስ ደርሶኛል። የሳጥኑ ዛጎሎች ከመርዝ ንጹሕ ናቸው» አለች።

«አላልኩም?» አለ አቶ ቹ። «ወንዙ ደህና ነው!»

«አይቸኩሉ። አሸዋ ላይ የከረመ ዛጎል ሆዱ አሸዋ ነው። እኔ ያኘክሁት አንድ ቅንጣት አልነበረውም። ስለዚህ የዶክተሩ ዛጎሎች ተደፍተው ሌላ ገብቷል፤ ዶክተሩም የተገደለው ሳጥኑ ገና ወደ ውሃው ሳይመለስ ደርሶ ስለያዘው ነው። እርስዎ ቢሆኑ አቶ ቹ፣ ከሌላ ወንዝ እንዳስወጡ ከነአሸዋው ይጨምሩት ነበር። ሱራንም አታጥበውም፤ ዶክተሩ መጀመሪያ የሚያየው ሆዱን እንደሆነ ታውቃለች። አሸዋውን አስተፍቶ ያስቀመጠው ሳያስበው በልማድ የሚሠራ፣ ዕድሜ ልኩን ዛጎል ያበሰለ እጅ ነው።»

«እኔን ነው?» አለች እማማ ኦክ። «የኔ ዛጎል ከዚሁ ወንዝ አይደል እንዴ!»

«የደንበኞችሽ ነው። ለልጅሽ ግን ለምን ሳፋ ለየሽላት? ዶክተሩ ደንበኛሽ ነበር፤ ለፅንሱ አዝኖ በሚስጥር ነግሮሻል። ከዚህ ወንዝ አታብያት፣ ይሄኛው ውጤት ከወጣ ወንዙ ይዘጋል ብሎሻል። አንቺም ለሷ ንጹሑን ከሩቅ እያስመጣሽ ለሰዉ መርዙን ቀዳሽለት። መንደሩ ውስጥ ንጹሕም አሸዋ የሌለውም ዛጎል ትንሿ ሳፋ ውስጥ ብቻ ነበር። በገደልሽው ቀን ደግሞ ባዶ ሆና አገኘኋት።»

«አርባ ዓመት!» አለች አሮጊቷ በቁጣ። «አርባ ዓመት የቆምኩበትን ምድጃ በአንድ ወረቀት ሊያጠፋብኝ! እኔስ ልጄን በምን ነው ያሳደግኳት?»

ሱራን እጇን ሆዷ ላይ አደረገች።

«እማዬ፣ ትናንት ጠዋት ተርቤ መጣሁ። አንቺ አልነበርሽም። ሳፋዬ ባዶ ስትሆንብኝ ከትልቁ ድስት ቀድቼ በላሁ። ሁለት ሳህን።»

እማማ ኦክ ዘልላ የልጇን መንጋጋ ያዘችና ጣቷን ወደ ጉሮሮዋ ሰደደች።

«ትፊው! ልጄ፣ ትፊው!»

«የትናንት ምግብ ዛሬ አይተፋም፣ እማማ» አለች ኢንስፔክተሯ እጆቿን እያላቀቀች። «ዶክተሩ ስለ መርዙ ባያስጠነቅቅሽ ኖሮ እንዲህ አትጮሂም ነበር።»

ከውጭ በሩ ተንኳኳ። ደንበኞች ናቸው፤ ሾርባው ደርሷል ወይ ብለው ይጠይቃሉ። ኢንስፔክተር ፕዮ ምድጃውን አጠፋችና ልትከፍትላቸው ሄደች።