ለአራት እጅ የተጻፈው ዜማ

ኢንስፔክተር ዓይናለም ወደ ሳሎኑ ስትዘልቅ አቶ በላይነህ ፒያኖው ላይ እንደተደፉ ነበሩ። ግንባራቸው ቁልፎቹ ላይ ዐርፏል፤ ግራ እጃቸው ወደ ወለሉ ተንጠልጥሏል። ማጅራታቸውን ያገኘው ምት አንድ ብቻ ነው። የመታቸው ብረትም ሩቅ አልሄደም፤ ወንበሩ ሥር ወድቋል። ክንድ የሚያህል፣ ጫፉ የከበደ፣ የፒያኖ ሽቦ የሚጠብቅበትና የሚላላበት የመቃኛ ብረት ነው።

«መጀመሪያ ያያቸው ማን ነው?» አለች ዓይናለም።

«እኔ ነኝ» አለች በሩ ላይ የቆመች የአርባ ስድስት ዓመት ሴት። ዓይኗ ቀልቷል፤ ድምጿ ግን አልተንቀጠቀጠም። «ሕይወት እባላለሁ፤ የሙዚቃ አስተማሪ ነኝ። ከጋሼ ጋር አብሬ የምጫወተው እኔ ነኝ።»

ቅዳሜ ነበር፤ ከቀኑ አሥር ሰዓት ተኩል። በአሥራ አንድ ሰዓት ስድሳ እንግዳ ይጠበቃል። ከደብረ ታቦር ወደ ጋፋት በሚወስደው መንገድ ዳር ባለው በዚህ ግቢ አንድ አይሱዙ ከትምህርት ቤት የተዋሱትን ወንበሮች እንደጫነ ቆሟል።

አቶ በላይነህ የሰባ ዓመት ሰው ናቸው። ዕድሜያቸውን አብዛኛውን በጀርመን አሳልፈው ከሦስት ዓመት በፊት ወደ ተወለዱበት ከተማ ሲመለሱ ይዘውት የመጡት ይህንን ፒያኖ ነበር። ሁለት መቶ ዓመት ሆኖታል፤ እንደ ዛሬዎቹ ከውስጥ በብረት የተደገፈ ሳይሆን ሁለንተናው እንጨት ነው፤ ድምፁም የቀጠነና የለዘበ። በእሱ ላይ የሚጫወቱት ደግሞ ከሦስት መቶ ዓመት በፊት፣ ባሮክ በሚባለው ዘመን፣ ለቤተ ክርስቲያን ኦርጋን የተደረሰ ዜማ ነው። ኦርጋን ተጫዋች በሁለት እጁም በሁለት እግሩም ይጫወታል። ያንን ሁሉ ለፒያኖ ሲያዛውሩት ሁለት ሰው ጎን ለጎን ይቀመጥና አራት እጅ ይሆናል፤ እግር ይረግጠው የነበረውን ወፍራም ድምፅ በግራ በኩል የተቀመጠው ሰው በግራ እጁ ይመታዋል። የአቶ በላይነህ ቦታ ግራው ነበር፤ የሕይወት ቀኙ።

ዓይናለም እጇን ወደ ኋላ አጣምራ ክፍሉን ዞረችው። ሟቹ ከረጅሙ ወንበር መሐል አልነበሩም፤ በግራ ጫፉ ተቀምጠው ነው የሞቱት። መደርደሪያው ላይ ያለ ትንሽ ስፒከር አልጠፋም፤ መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል፤ ፍላሽ ግን አልተሰካበትም። የፒያኖውን ክዳን አንስታ ወደ ውስጥ አየች። ሽቦዎቹ ተሰድረው ሄደው በግራ ጫፍ፣ ወፍራሟ መኖር በነበረባት ቦታ፣ ባዶ ነው። ከሟቹ የደረት ኪስ ደግሞ በእጅ የተጻፈ ወረቀት አወጣች። ሁለት ጊዜ አነበበችው፤ አጥፋ ያዘችው፤ ለማንም አልተናገረችም።

ሐኪሙ አስከሬኑን አይቶ፣ «ከስድስት እስከ አሥር ሰዓት ባለው ጊዜ ነው የሞቱት። ክፍሉ ብርድ ነው፤ ከዚህ አጥብቤ መናገር አልችልም» አላት።

መጀመሪያ የሟቹን እህት እትዬ ወርቅነሽን አነጋገረች። ስልሳን ያለፉ፣ ቀጥ ብለው የሚቀመጡ ሴት ናቸው።

«ወንድምዎን ዛሬ አይተዋቸዋል?»

«አላየሁትም። ገበያ ውዬ በሰባት ሰዓት ስገባ ይች ልጅ ሕይወት ስትወጣ አገኘኋት። ‹ጋሼ ብቻቸውን ሊለማመዱ ነው፤ ማንም እንዳይገባ ብለዋል› አለችኝ። ሲጫወት አይገባበትም። እህቱ ሆኜ እኔ እንኳ በሩን አላንኳኳም። በዘጠኝ ሰዓት ሲጫወት ከማድ ቤት ሆኜ ሰማሁት።»

ዓይናለም ዝም አለች። ሰው ተናግሮ ሲጨርስ ዝም ማለት ልማዷ ነው፤ ዝምታው የከበደው ሰው የሚጨምረውን ነው የምትፈልገው።

«ከሌላ አፍ ከምትሰሚው ከኔ ስሚው» አሉ እትዬ ወርቅነሽ። «እናታችን ስትሞት አልመጣም። ተመልሶ ሦስት ዓመት እዚህ ሲቀመጥም መቃብሯን ለማየት አንድ ቀን እግሩን አላነሳም። ለዚህ ይቅር አላልኩትም። ግን ወንድሜ ነው። ከሱ ሌላ የናት ልጅ የለኝም።»

ቀጥሎ ከአጥሩ ማዶ የሚኖሩት የዜማ መምህር መሪጌታ ሙላቴ ተጠሩ።

«አንቱ ምን ሰሙ፣ መሪጌታ?»

«አንድ ዓመት ሙሉ በአጥር ላይ ሰምቼዋለሁ። መጀመሪያ ጆሮዬን ይዤ እሸሽ ነበር። ኋላ ግን ገባኝ። አንዱ ይመራል፤ ሌላው ይቀበለዋል፤ ከሥር ደግሞ ሦስተኛው ቀስ እያለ ይሄዳል። ሥርዓት ያለው ነገር ነው። ዛሬ በስምንት ሰዓት ከቤተ ክርስቲያን ተመለስኩ፤ በዘጠኝ ሰዓት ከዳር እስከ ዳር ተጫወቱት። መጨረሻ ላይ ያች እንደ ደወል የምትከብደው የታችኛዋ ድምፅ አለች፤ እሷ ደረቴ ድረስ ነው የምትሰማኝ። ዛሬም ሰማኋት።»

«‹ተጫወቱት› ነው የሚሉት? አንድ ሰው ነው ወይስ ሁለት?»

«አራት እጅ ነው! ይህን ካልለየሁማ ምኑን የዜማ መምህር ሆንኩ?»

«ጠዋትስ?»

«ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ሲቃኙት ነበር። አንድ ነገር ‹ዷ!› ብሎ ተበጠሰ። ከዚያ ጭቅጭቅ ሆነ።»

የተጨቃጨቀው አብዱልቃድር ነው፤ ገበያው ዳር ሱቅ ያለው እንጨት ሠሪ። ሳይጠየቅ ነው የጀመረው።

«ብረቱ የኔ ነው። ራሴ ቀጥቅጬ የሠራሁት። እንግዶቹ ሳይመጡ መልሼ ስለምቃኘው እዚሁ ትቼው ሄድኩ።»

«ምን አጣላችሁ?»

«ይህ ፒያኖ ሲመጣ ተሰነጣጥቆ፣ ምስጥ የበላው በር መስሎ ነበር። ሁለት ዓመት እንጨቱን አንድ በአንድ እየላግሁ አነሳሁት። ዛሬ ለእንግዶች የሚታደለውን ወረቀት ባይ ‹በጀርመን አገር የታደሰ› ይላል። ‹እኔስ?› አልኩት። ‹አንተን ማን ያውቅሃል?› አለኝ። ‹አላህ ያሳይህ› ብዬው ወጣሁ። ከልቤ ነው ያልኩት፤ አልዋሽም።»

«ከዚያ የት ሄድክ?»

«ገሳይ። የግራ ጫፏ ወፍራም ሽቦ ጠዋት ስትቃኝ ተበጠሰች። የምትመስላትን ፍለጋ ብረታ ብረት የምትሸጥ ዘመዴ ፈሪዳ ዘንድ ሄድኩ፤ አልተገኘችም። በዘጠኝ ሰዓት ተመልሼ ሱቄ ውስጥ ብቻዬን ነበርኩ። ያየኝ የለም።» ከኪሱ የተጠቀለለች፣ ጫፏ የተበጠሰ ሽቦ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖራት።

«ሽቦዋ መበጠሷን ሕይወት ታውቃለች?»

«ከየት ታውቃለች? ጠዋት አልነበረችም። እኔም አልደወልኩላት።»

ዓይናለም እዚያው ቆማ ፈሪዳ ጋ ደወለች። ፈሪዳ አላመነታችም፤ አብዱልቃድር በአምስት ሰዓት የተበጠሰች ሽቦ ይዞ መጥቷል፤ ሳጥኑን ሁሉ አስገልብጧት ሄዷል።

መጨረሻ ሕይወት ተቀመጠች።

«በስድስት ሰዓት መጣሁ» አለች። «ዜማውን ከዳር እስከ ዳር ተለማመድነው፤ በሰባት ሰዓት ወጣሁ። ከሰባት ተኩል እስከ አሥር ትምህርት ቤት ወንበር ሳስጭን ነበርኩ። አሥራ አምስት ሰው ይመሰክራል።»

«ፒያኖው እንዴት ነበር?»

«ደኅና ነበር። እንዲያውም እንደ ዛሬ አምሮበት አያውቅም።»

«በዘጠኝ ሰዓት የተሰማው አራት እጅ ነው ይላሉ መሪጌታ።»

«የኔን ድርሻ ቀድተው በስፒከር እየከፈቱ የራሳቸውን ይጫወታሉ። እንደዚህ ነው ሁልጊዜ የሚለማመዱት።»

መልሱ ፈጣን ነበር። ዓይናለም እንደ ልማዷ ዝም ብላ ጠበቀች። ሕይወትም ዝም አለች፤ ዝምታውን ከእሷ ይልቅ የለመደችው ትመስል ነበር።

አስከሬኑ ወጥቶ፣ እንግዶቹ ከበር ተመልሰው፣ በአሥራ ሁለት ሰዓት አራቱም ሳሎኑ ውስጥ ተሰበሰቡ። ሁለት ፖሊሶች በሩ ላይ ቆሙ። ዓይናለም ፒያኖው አጠገብ ቆማ ጀመረች።

«ሁላችንም አቶ በላይነህ በዘጠኝ ሰዓት በሕይወት ነበሩ ብለን አመንን። ለምን? ሲጫወቱ ስለተሰሙ። እንደዚያ ከሆነ ተጠርጣሪው ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ብቻውን የነበረ ሰው ነው። አብዱልቃድር ብቻውን ነበር። እትዬ ወርቅነሽም ማድ ቤት ብቻቸውን ነበሩ። ብረቱም የአብዱልቃድር ነው። ነገሩ ያለቀለት ይመስላል።»

አብዱልቃድር ላቡን ጠረገ።

«መሪጌታ ግን ያችን ደወል የምትመስለውን የታች ድምፅ ሰምተዋል። አብዱልቃድር፣ ያች ድምፅ የየትኛዋ ሽቦ ናት?»

«የ... የተበጠሰችው» አለ አብዱልቃድር። ከተቀመጠበት ብድግ አለ። «ያለሷ ያ ድምፅ አይወጣም! ቁልፉ እንጨት ብቻ ነው የሚያንኳኳው!»

«ጠዋት ሦስት ሰዓት ተበጥሳለች፤ መሪጌታ ስትበጠስ ሰምተዋል፤ አምስት ሰዓት ላይ ገሳይ ውስጥ ፈሪዳ አይታታለች። ስለዚህ በዘጠኝ ሰዓት የተሰማው ከዚህ ፒያኖ የወጣ አይደለም። የሕይወት ድርሻ ብቻ የተቀዳበትም አይደለም፤ ያች ድምፅ የግራ ተጫዋቹ ናትና። ሁለቱም አብረው ሲጫወቱ፣ ሽቦዋ ደኅና በነበረችበት ቀን የተቀዳ ነው። ሁለት ሰዓት ዝምታ አስቀድሞ ዜማውን የሚያስከትል ቅጂ ፍላሽ ላይ መጫን ከባድ ሥራ አይደለም። በሰባት ሰዓት ተከፈተ፤ በዘጠኝ ሰዓት ጮኸ።»

ወደ ሕይወት ዞረች።

«አንቺ ‹ከዳር እስከ ዳር ተለማመድነው፤ ፒያኖው ደኅና ነበር› አልሽኝ። ብትለማመዱ ኖሮ ሽቦዋ መጉደሏን ያን ጊዜ ትሰሚው ነበር። አልተለማመዳችሁም። እሳቸው እንደ ልማዳቸው በግራ ተቀመጡ፤ አንቺ በቀኝ ልትቀመጪ የመጣሽ መስለሽ ከኋላቸው ቆምሽ። በአሥር ሰዓት ደግሞ፣ ራሳቸው እንደነገሩኝ፣ ወንበር የሚያወርዱትን ሰዎች ‹ቆዩ፣ እኔ ልይ› ብለሽ ቀድመሻቸው ገባሽ። ፍላሹን ነቀልሽ፤ ስፒከሩን ማጥፋት ግን ረሳሽ። የገደልሽበትን ምክንያት ብቻ አላገኘሁትም።»

ሕይወት ቦርሳዋን ከፈተች። ፍላሹን አውጥታ ከሽቦዋ አጠገብ አስቀመጠችው።

«ኪሱ ውስጥ ያገኙትን ወረቀት ያንብቡላቸው» አለች። ‹ጋሼ› ማለቷን ትታለች።

ዓይናለም አነበበች። «‹ዛሬ የምትሰሙትን ዜማ ለአራት እጅ ያመቻቸሁት እኔ አይደለሁም። ስሜ የተጻፈበት በሐሰት ነው። የሠራው አብሮኝ ጀርመን የተማረው ጓደኛዬ ደምሴ ነው። በ1970 ዓ.ም. ሊያገባ ወደ ደብረ ታቦር በመጣበት ክረምት ስሙን ለመንግሥት ሰዎች ጽፌ የሰጠሁት እኔ ነኝ። ተያዘ፤ አልተመለሰም። በፊታችሁ ይቅርታ እጠይቃለሁ።›»

«ደምሴ አባቴ ነው» አለች ሕይወት። «ሲወስዱት እናቴ እኔን አርግዛ ነበር። በአያቴ ስም ስላደግኩ በላይነህ አላወቀኝም። እናቴ ሳጥን ውስጥ የአባቴ ሦስት ደብዳቤዎች አሉ። ከዓመት በፊት ይህ ሰው ኖታውን ሲሰጠኝ ጠርዙ ላይ ያለውን የእጅ ጽሑፍ ሳይ አወቅሁት። አንድ ዓመት ሙሉ ክንዴ ክንዱን እየነካ ተቀምጬ ተጫወትኩ። ዛሬን እየጠበቅሁ ነበር። ዜማው ሲያልቅ እነሳና ይህ ሰው ማን እንደሆነ ለስድሳ ሰው እነግራለሁ ብዬ ነበር።»

«ታዲያ እሱ ራሱ ሊናዘዝ ከነበረ፣» አሉ መሪጌታ፣ «ስለ ምን ገደልሽው፣ ልጄ?»

«ለዚሁ ነዋ፣ መሪጌታ!» ድምጿ ለመጀመሪያ ጊዜ ከፍ አለ። «ትናንት ወረቀቱን አነበበልኝ፤ መልሶም ደረት ኪሱ ከተተው። የት ላይ ድምፁን እንደሚቀንስ፣ የት ላይ ዝም እንደሚል ተለማምዶታል! ያለቅሳል፤ ሰውም ያለቅስለታል። ‹እንዴት ያለ ትልቅ ሰው ነው› ይሉታል። ተነስተው ያጨበጭቡለታል። አባቴ መቃብር የለውም፤ ይህ ሰው ግን በአባቴ ዜማ ተጨብጭቦለት፣ ነጽቶ ቤቱ ሊገባ! ዛሬ በሚታደለው ወረቀት ላይ እንኳ የአብዱልቃድርን ስም የሰረቀ ሰው ምኑን ተጸጸተ? ሕዝብ ይቅር ሳይለው በፊት ደረስኩበት። አልጸጸትም።»

አብዱልቃድር ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ።

እትዬ ወርቅነሽ ቀስ ብለው ቀና አሉ።

«ልጅ አለሽ?» አሉ።

ሕይወት ደነገጠች። «አንድ ወንድ ልጅ አለኝ።»

«ዕድሜው?»

«አሥራ ዘጠኝ።»

«እግዜር ያሳድገው» አሉ። ቃሉ ምርቃት ነው፤ ድምፃቸው ግን ምርቃት አልነበረም። «የአጎቴ ልጆች ነገ ለቀብር ከእብናት ይመጣሉ። ማን እንደገደለው ይጠይቁኛል።»

የሕይወት ፊት ዐመድ መሰለ። ፖሊሶቹ ክንዷን ይዘው ሲያስወጧት ዞራ ዞራ ታይ የነበረው ፒያኖውን አልነበረም፤ አሮጊቷን ነበር።

ዓይናለም መሪጌታን ወደ ጎን ጠራቻቸው። «ሽማግሌዎቹን አሁኑኑ ይጥሩልኝ። ቀብሩ ሳይደርስ፣ ደም መላሽ ሳይነሳ። ልጇንም ከከተማው የሚያወጣ ሰው እልካለሁ።»

መሪጌታ መቋሚያቸውን አንስተው እየተጣደፉ ወጡ። ዓይናለም ኮፍያዋን አውልቃ ከእትዬ ወርቅነሽ ጎን ተቀመጠች። አሮጊቷ አላዩዋትም።

«ለቅሶ ልትደርሺኝ ነው፣ ልትጠብቂኝ?» አሉ።

«ሁለቱንም፣ እትዬ» አለች ዓይናለም።