ከፋዩ ወንበር ላይ የቀረው ፀጉር

አቶ አብዱራህማን የሞቱት ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ ቀይ ከፋይ በለበሰው ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ ነው። ከደረታቸው እስከ ጉልበታቸው ጋቢ ተጥሎባቸዋል። ጋቢውን የጣሉት የአርባ ዓመት ወዳጃቸው ጋሽ ካሳ ናቸው፤ ለፖሊስ የደወሉትም እሳቸው።

ዋና ሳጅን ሙሉሐረግ የመካነ ሰላምን አቀበት ቀስ ብላ ወጥታ ደረሰች። ችኮላ የማታውቅ ሴት ናት። ባልደረቦቿ ከኋላዋ «ዔሊዋ» ይሏታል፤ ዔሊዋን ቀድሞ እውነቱ ጋ የደረሰ ባልደረባ ግን እስካሁን አልታየም። የጤና ባለሙያው ቀድሟት መጥቶ አስም እንደገደላቸው ነግሯት ሄደ። ቀብሩ ለቀትሩ የዙሁር ሶላት ተቆርጧል፤ አስከሬኑን የምታይበት ጊዜ ከአንድ ሰዓት አይበልጥም።

«ጋቢውን ለምን ጣሉባቸው ጋሽ ካሳ?»

ሽማግሌው ወደ በሩ ዞር ብለው ሰው አለመኖሩን አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ልብሱ ርሶ ነበር። ሲጨንቀው ሽንቱ ያመለጠው መሰለኝ። አብዱራህማን ንጹሕ ሰው ነው፤ እንዲያ ሆኖ ሰው እንዳያየው አፈርኩለት።»

«ታዲያ እኔን ለምን ጠሩኝ?»

«ሳለብሰው እጄ ደረቱን ነካ። ደረቱም ርጥብ ነው። ወላሂ፣ ነገሩ አላማረኝም።»

ሙሉሐረግ ጋቢውን ገለጠች። «ሽንት ከደረት አይጀምርም» አለች።

የሟቹ ነጭ ጀለቢያ ከፊት ለፊት እርጥብ ቢሆንም ንጹሕ ነበር። እርጥበቱ የፈሰሰ ውሃ አይመስልም፤ ከላይ ወደ ታች፣ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የተሳበ ነገር መንገዱን ትቶ ሄዷል። የወንበሩ መደገፊያ ክንዶችም እንደዚያው ናቸው። ሳጅኗ ጋሽ ካሳን አስያዘችና አስከሬኑን ወደፊት ዘንበል አደረገችው። የጀለቢያው ጀርባ ግን የድመት ፀጉር ለብሶ ነበር። ነጭና ለስላሳ፣ እፍኝ እፍኝ የሚሞላ ፀጉር ነው። በግራ በኩል ያለው የደረት ኪስ አብጧል፤ ከውስጡ ወደ አፍ የሚነፋው የአስም መድኃኒት ወጣ። ሳጅኗ ነቅንቃ አየችው፤ ሙሉ ነው። ልብሱ ከአስከሬኑ ሲወልቅ እንዳይታጠብ፣ ለእርሷ እንዲቀመጥ አዘዘች።

ውጭ የተሰበሰበው ጎረቤት ፍርዱን ከእርሷ በፊት ጨርሶት ነበር። ገዳይዋ ሀጀራ ናት።

የሟቹ ሴት ልጅ ሀጀራ ስድስት ዓመት ጅዳ ላይ በሰው ቤት ሠርታ የተመለሰች ናት። ምን ሠራሽ ያላትን ሁሉ «ሽንት ቤት ሳጥብ፣ ልጅ ሳዝል» ብላ ሳትሸፋፍን ትመልሳለች። ለአይጥ ብለው የሚያኖሯትን ነጭ ድመት እህል ቤት ዘግታ የምታሳድረው፣ በየማለዳው አጥሩ ሥር ወስዳ የምታበጥራትም እሷ ናት። ደሴ ያለው ሐኪም የድመት ፀጉር አባቷ ከሚቀመጡበት ቤት ዝር እንዳይል አስጠንቅቋል፤ ማበጠሪያ ላይ የቀረ ፀጉር ደግሞ ምንጣፍ ላይ አይረግፍም። ከተማው ግን «ድመት አበጣሪዋ» ብሎ ሳቀባት። መጀመሪያ የሳቀው የገዛ ወንድሟ ሙሐመድአሚን ነው።

ሀጀራ በጓሮ በኩል ዱቄት የነካው ልብሷን ሳትቀይር ተቀምጣለች። ከማለዳው አንድ ሰዓት ጀምሮ ወፍጮ ቤት ወረፋ ይዛ እንደነበር፣ ለቅሶ ሰምታ እንደሮጠች ተናገረች። አሥር ሴቶች አይተዋታል። የእህል ቤቱን በር ግን ዘግታው እንደሆነ ስትጠየቅ አንገቷን ደፋች።

«ዘግቼዋለሁ። ሁሉም አልዘጋሽም ሲለኝ ግን ራሴን መጠርጠር ጀመርኩ።»

«ልብስ ላይ የቀረ ፀጉርስ በምን ታነሺያለሽ?»

«በፕላስተር። የሚያጣብቀውን ጎን መታ መታ አደርግበታለሁ። ሌላ አላውቅም።»

«ጅዳ አልተማርሽም?»

«ማዳሜ ድመት ነበራት፣ ግን እኔ አልነካትም። የሚያጥባትና የሚያበጥራት ከእንስሳት ሱቅ የሚላክ ወንድ ነው። እዚያ አገር ሥራ ነው፤ ውሻም ያጥባሉ። አባባ ሲያፍነው እጁ ይንቀጠቀጣል። መድኃኒቱን ከኪሱ የሚያወጣለት ሰው ይፈልጋል። እኔ ብኖር ኖሮ...»

ሳጅኗ ወደ እህል ቤቱ ሄደች። ድመቷ ከውስጥ ትጮኻለች፤ በሩ ከውጭ ተቀርቅሯል። ከመታጠቢያው አጠገብ ለውዱእ፣ ለሶላት ትጥበት፣ የሚደረግ የጎማ ነጠላ ጫማ አለ። የግራው አቧራ ለብሷል፤ የቀኙ ታጥቦ ገና አልደረቀም። ገልብጣ አየችው። ከጫማው ሥር፣ ከጎማው መስመሮች ውስጥ፣ ነጭ ፀጉር እንደ ተፈተለ ጥጥ ተጠቅልሎ ተሰክቷል። በጋዜጣ ጠቀለለችው። ፊቷ ላይ ጥላ አለፈ፤ ያሰበችውን ማሰቧ ራሱ አሳፍሯታል።

ሙሐመድአሚን ሠላሳ ስድስት ዓመቱ ነው። ስምንት ዓመት ዱባይ ኖሯል፤ በትልቅ ኩባንያ የሠራተኞች ኃላፊ እንደነበር ከተማው በቃሉ ያውቀዋል፤ ቤቱንም ያሠራው እሱ ነው። ያን ዕለት ጋሽ ካሳና ሁለት ሽማግሌዎች እዚህ ተገናኝተው፣ ከስመ ጥር ቤተሰብ ልጅ ሊጠይቁለት ወደ ወግዲ ሊሄዱ ነበር። እሱ እንደሚለው አባቱ ለረፋዱ ሶላት፣ ለሶላተል ዱሃ፣ መስጊድ ሄደው መቼ እንደተመለሱ አላየም። በጓሮ ሲታጠብ ቆይቶ ሲገባ ሞተው አገኛቸው፣ ጮኸ፤ ሽማግሌዎቹም በሩ ላይ ነበሩና ገቡ።

«ፀጉር አላየሁም» አለ። «እኔ የድመት ነገር አልወድም። የእሷ እንዝህላልነት ነው። ስታበጥርም የላይ የላዩን ነው፤ ክረምት ሲወጣ የሚለቀው ግን የውስጡ ነው። እሱን በጥቅጥቅ ማበጠሪያ ካላወጡት ቤት ይሞላል።»

ሳጅኗ ቀና ብላ አየችው። «ለማይወድ ሰው ብዙ ታውቃለህ።»

«ያው ሲወራ ሰምቼ ነው» አለና አፉን ያዘ።

ሟቹ ለዙሁር ተቀበሩ። ሙሉሐረግ ሁለት ቀን ሙሉ ማንንም አላሰረችም፤ የጎረቤት ምላስ ግን ሀጀራን እየከሰሰ ከረመ። ለቅሶ የመጡ ሴቶች ሳይቀሩ ከአጠገቧ መቀመጥ ተዉ። ወንድሟ ያያል፣ ይሰማል፤ አንድ ቃል አልተናገረላትም።

በሦስተኛው ቀን ከሰደቃው በኋላ ሳጅኗ ሀጀራን፣ ሙሐመድአሚንን፣ ጋሽ ካሳንና ሁለቱን ሽማግሌዎች ሳሎን ሰበሰበች። የቀረውን ሰው በትሕትና አስወጣች። ቀዩ ወንበር ባዶውን ቆሟል፤ ማንም ሊቀመጥበት አልደፈረም።

«ይህቺ ልጅ አባቷን ገድላለች ተብላ በየቤቱ ተፈርዶባታል» ብላ ጀመረች። «እስቲ አብረን እንየው። ድመቷ እዚህ ወንበር ላይ ነበረች። እኔ ስደርስ ግን እህል ቤት ተቀርቅሮባታል። ድመት በራሷ ወጥታ ይሆናል እንበል፤ ተመልሳ ገብታ በሩን ከውጭ አትቀረቅርም። ሀጀራ ደግሞ ወፍጮ ቤት ናት።»

ጋሽ ካሳ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ቀጥሎ ፀጉሩ። የተኛች ድመት የምትተወው ብን ብን ያለ ነው። ከጋሽ አብዱራህማን ጀርባ ያገኘነው እፍኝ ሙሉ የውስጥ ፀጉር ነው። አንድ ሰው እዚህ ተቀምጦ፣ ድመቷን ታቅፎ፣ በጥቅጥቅ ማበጠሪያ አበጥሯታል። ሀጀራ የላይ የላዩን ነው የምታበጥረው፤ ይህን የነገረኝ ሙሐመድአሚን ነው።»

ሙሐመድአሚን ወለሉን አየ።

«ከጀርባቸው ፀጉር አለ፣ ከፊታቸው የለም። ስለዚህ የሚታየው ብቻ ተጠርጓል፤ የጠረገውም እሳቸው ከተቀመጡ በኋላ ነው። በምን? ሀጀራ የምታውቀው ፕላስተር ነው፤ ፕላስተር ልብስ አያርስም። ፀጉር እየጠቀለለ የሚያነሳ እርጥብ ጎማ ነው። ይህን የሚያውቅ እጁ በሥራው ያደረ ሰው ነው። በዓረብ አገር ደግሞ ይህን የሚሠሩ ወንዶች እንዳሉ ሰምቻለሁ።» ጋዜጣውን ፈታች። «ጎማው ይኸውና።»

የቀኝ እግር ነጠላ ጫማ ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ «አስተግፊሩላህ» ብለው ፊታቸውን አዞሩ። በጫማ የአባት ደረት መነካቱን ለማመን ጊዜ ፈጀባቸው። ሳጅኗም «ጫማ» የሚለውን ቃል ጮክ ብላ አልተናገረችውም።

ሙሐመድአሚን ሳይጠየቅ ማውራት ጀመረ፤ ድምፁ ለራሱም የሚሰማው አይመስልም። ኃላፊ ሆኖ አያውቅም። ስምንት ዓመት ሱቅ ውስጥ ድመት ሲያበጥር፣ ውሻ ሲያጥብ ኖሯል። ነጃሳ የሚባለውን ውሻ ማጠቡን ለማን ይናገራል? እህቱ ስታበጥር ባየ ቁጥር እየሳቀባት እጁን ይበላው ነበር። ቤቱ ጭር ሲል ድመቷን አምጥቶ እዚሁ ወንበር ላይ ያበጥራታል፤ ከዚያ ጠርጎ ይመልሳታል። ቅዳሜ ድመቷን ዘግቶ ጫማውን አርሶ ወንበሩን ሊጠርግ ሲመለስ አባቱ ተቀምጠው አገኛቸው።

«እያፈነው ነበር» አለ። «የጋሽ ካሳን ድምፅ ከበሩ ሰማሁ። ገብተው ፀጉሩን ቢያዩ፣ አባባም ማን እንዳመጣው ቢጠይቅ... ቶሎ ጠርጌ መድኃኒቱን እሰጠዋለሁ ብዬ ነው፤ ስጨርስ ግን ትንፋሹ አልነበረም። ወላሂ፣ አፈርኩ።»

«በሩ ላይ ቆመን እንቀላለድ ነበር» አሉ ጋሽ ካሳ። ማንንም አላዩም።

«መድኃኒቱ ኪሳቸው ውስጥ ነበር» አለች ሙሉሐረግ። «እርጥበቱ በኪሱ ላይ ሁለት መስመር ሆኖ ያልፋል። ሁለት ጊዜ ጠርገህበታል።»

ሀጀራ ወደ ወንድሟ ዞረች። «ሽንት ቤት አጥቤያለሁ ስለው አባባ ምን አለኝ መሰለህ? እጅሽን አምጪ ብሎ ሳመኝ። አንተን አይስምህም ነበር?»

ሙሐመድአሚን መዳፎቹን ከጉልበቱ ሥር ደበቀ።

«ስትጠርጋቸው ያውቁህ ነበር?» አለች ሳጅኗ።

«ያየኝ ነበር። የምረዳው መሰለው።» እንባው መጣና በእጅጌው ጠረገው። «ብብቱ ሥር እንድደርስ እጁን አነሳልኝ።»

ሽማግሌዎቹ ተራ በተራ ተነሥተው ወጡ፤ የመረቀም የረገመም የለም። ጋሽ ካሳ የሀጀራን ትከሻ ዳበስ አድርገው ተከተሏቸው። ሳጅኗ ሙሐመድአሚንን ወደ ጣቢያ ልትወስደው ክንዱን ስትይዝ፣ ሀጀራ ከተቀመጠችበት ሳትነሣ ጠየቀችው።

«የትኛውን እጁን?»

«ሁለቱንም» አለ። «ልብስ እንደሚቀየርለት ልጅ።»