አረንጓዴው ባልጩት

ከምነግራችሁ ውስጥ አንዲት ቃል እንኳ ውሸት ከተገኘባት ምላሴ እዚሁ ይድረቅ! ከነቀምቴ እስከ ጊምቢ ጠይቁ።

ኢንስፔክተር ሸዋጌጥ ነቀምቴ፣ ቡርቃ ጃቶ ሰፈር፣ የጉሉማ ግቢ ስትደርስ ግማሽ ከተማው አፍንጫውን ይዞ ቆሟል። «የጥንት ሰው ባልጩት» እያለ ለእንግዳ ጥቁር ስለት የሚቸበችበው ጉሉማ፣ ጓሮው ያለችው የቆዳ መፋቂያ ክፍል ውስጥ በደረቱ ተደፍቷል። አንገቱ ላይ የሚያብረቀርቅ ስለት ተሰክቷል። ዝንቡ ሬሳውን ተሸክሞ ሊበር ጥቂት ነበር የቀረው። ወለሉ ከጥሬ ቆዳ በተፋቀ ጮማ ተለስኗል።

«ገዳዩ ተይዟል» አለ ሳጅን አዱኛ። «እዚህ ክፍል በባልጩት ቆዳ የሚፍቀው ጂሩ ብቻ ነው።»

ጂሩ በካቴና ታስሮ ደጃፉ ላይ ተቀምጧል። ፖሊሶቹ «ፋቂ ነው» ብለው ከሬሳው ይልቅ ከእሱ ይሸሻሉ። ሸዋጌጥን ከሽታው በላይ ያቅለሸለሻት ይኸው ነበር።

«ኦቦ ጂሩ፣ ይህ ስለት የእርስዎ ነው?»

ጂሩ አየውና ምራቁን ተፋ። «ያ ዋቃ፣ አምላኬ! በዚህ ብፍቅማ ቆዳው ይስቅብኛል።»

የሸዋጌጥ ዓይን፣ አትጠራጠሩ፣ ጣሪያ ላይ ያለችን ቁንጫ ወንድ ሴት ብሎ ይለያል። ስለቱን በጓንት ይዛ ወደ ፀሐይ አነሳችው። ቀጭኑ ጠርዝ አረንጓዴ ሆነ፤ ውስጡ ክብ ክብ አረፋ አለው። የጂሩን መፋቂያ አነሳች። የዚህ ጠርዝ የጭስ መልክ አለው፤ በውስጡ ቀጫጭን መስመሮች ይጋደማሉ።

«የቢራ ጠርሙስ ነው!» አለች በንቀት።

የሟች ሚስት ሊሊሴ አልካደችም። «እኔ ከሰል አራግባለሁ፣ እሱ ጠርሙስ ያቀልጣል፣ ጥላሸት እንቀባዋለን። ሰሞኑን ግን አሳፈረው መሰለኝ፣ ሻጩን የኋላሸትን አባርሮ እውነተኛውን ከጂሩ ጋር ሊሠራ ነበር። ትናንት መባረሩን ነገረው።»

የኋላሸት ከባኬ ጃማ ሰፈር ደረቱን ነፍቶ መጣ። «እኔ የሸጥኩት ሁሉ እውነተኛ ነው! ባልጩትን እጄ ላይ መዘን አድርጌ ብቻ አውቀዋለሁ።»

ከሰዓት በኋላ ሸዋጌጥ ሁሉንም ግቢው ውስጥ ሰበሰበች።

«ገዳዩ ስለቱን የተወው ጂሩን ለማሳሰር ነው። ጂሩ ግን ሐሰተኛውን ገና ሲያየው ይለያል፤ ለራሱም ሥራ አይነካውም። ሊሊሴም ራሷ አብራ ሠርታዋለች፤ ታውቃለች። የጠርሙስ ስለት ሬሳው ላይ ትቶ ‹የጂሩ ባልጩት ነው› ይባላል ብሎ የሚያስብ፣ ጠርሙስ መሆኑን የማያውቅ ሰው ብቻ ነው። አቶ የኋላሸት፣ ያ ሰው አንተ ነህ። የተባረርከውም አንተ ነህ።»

የኋላሸት አመድ መሰለ። «ቆይ… ስሸጥ የኖርኩት ጠርሙስ ነው?»

አዱኛ ካቴናውን ከጂሩ ፈትቶ የኋላሸት እጅ ላይ አጠለቀው። ጭብጨባው ጊምቢ ድረስ ተሰማ።

ጠዋት ለፖሊስ የደወሉት ቆዳ አጣቢዋ አዴ ማዘንጊያ ከባልዲያቸው ቀና ሳይሉ ተናገሩ።

«ማንም አልገደለውም እኮ።»

ሁሉም ወደ ባልዲው ዞረ።

«ጉሉማ የእኔ ስለት ከጂሩ ድንጋይ ይበልጣል ብሎ ሲያሳየኝ ጮማው አዳለጠው። በያዘው ስለት ላይ ወደቀ።»

«አዴ! ታዲያ ለምን ዝም አሉ?» ጮኸ አዱኛ።

«ማን ገደለው ብላችሁ ነዋ የጠየቃችሁኝ» አሉ በቀስታ፣ ቆዳውን እየጨመቁ።