የሃፊዛ ታኮ

እመኑኝ አትመኑኝ፣ ይሄ በእኔው ግቢ፣ ወልቂጤ ውስጥ፣ በጠራራ ፀሐይ የሆነ ነው። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነበር።

ነገሩ የሚጀምረው ግን ቡታጅራ ነው።

የአባቴን አሮጌ አውቶማቲክ መኪና ላስነሳ ስታገል ዓመት አልፎኛል። የቀረኝ ካምቢዮው፣ የማርሽ ሳጥኑ፣ ብቻ ነበር። የዚያ ዘመን ካምቢዮ ደግሞ ከገበያ ጠፍቷል። በስንት ፍለጋ፣ ጋሽ ሸረፋ የሚባሉ ሽማግሌ ጓሮ ያው ዓይነት መኪና ቆሞ አገኘሁ።

ካምቢዮውን አስፈትቼ፣ የተከራየሁት ፒክአፕ ላይ አስጫንኩ። ልሄድ ስል ሽማግሌው አንድ ጥቁር ድንጋይ ታቅፈው መጡ።

«ይሄንንም ውሰድ።»

«ምንድነው ጋሼ?»

«ታኮ ነው። ስታቆም ከጎማው ሥር አድርገው።»

ሳቄ መጣ። «አውቶማቲክ እኮ ነው ጋሼ። ማርሹን ፒ ላይ ካደረጉት የት ይሄዳል?»

እሳቸው አልሳቁም። ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ...

«ወላሂ፣ እኔም እንደሱ ብዬ ነበር። ሃፊዛ፣ ባለቤቴ፣ ታኮ ላድርግለት ብላ ጎንበስ አለች... ይሄው መኪና ሄደባት። እጇ ከነሂናው ድንጋዩ ላይ ቀረ።»

አዘንኩ። ግን የሞተ ሰው ድንጋይ ተሸክሜ ቤቴ ልግባ? ከቡታጅራ ወጣ እንዳልኩ ገደል ወረወርኩት። ሲንከባለል ሰምቼዋለሁ።

መኪናዋ ተነሳች! ካምቢዮውን የገጠመልኝ መካኒክ ጀማሉ «እንደ ቅቤ ነው» አለኝ።

ግቢዬ ቁልቁለት ነው። መኪናዋን ከላይ፣ አፍንጫዋን ወደ ግቢው በር፣ ጀርባዋን ወደ ቤቱ አዙሬ አቆምኳት። ከታች፣ የቤቱ ደረጃ ላይ፣ የአምስት ዓመቷ ልጄ ሀሴት ትጫወታለች። ያለችኝ እሷ ብቻ ናት።

በማግስቱ መኪናዋ ስንዝር ያህል ወርዳ ጠበቀችኝ። ማርሹ ፒ ላይ ነው።

በነጋታውም ሌላ ስንዝር...

ጀማሉ አየውና «ምንም የለውም» አለ። ታኮ ላድርግ ብዬ አሰብኩ። ከዚያ በሽማግሌው መሳቄ ትዝ አለኝና እልህ ያዘኝ። ተውኩት።

በዚያው ቀን ቤት ውስጥ ሆኜ ጠጠር ሲፈጭ ሰማሁ።

ቀስ እያለ...

ወጣሁ።

መኪናዋ፣ ሞተሯ እንደጠፋ፣ ሰው ሳይኖርባት፣ ወደ ኋላ ትወርዳለች። ሀሴት ጀርባዋን ሰጥታ ተቀምጣለች።

ወደ ልጄ ሮጥኩ።

ጓ!

ቆመች። ልጄ ጋ ለመድረስ አንድ ክንድ ሲቀራት።

ሀሴትን አፈፍ አድርጌ አቀፍኳት። ከኋላ ጎማው ሥር አየሁ... ያ ጥቁር ድንጋይ ነው። ገደል የጣልኩት።

«አባዬ...» አለች በጆሮዬ። «ወደፊት ንዳት።»

«ለምን የኔ ልጅ?»

«ሴትየዋ እጇ ተይዞባታል።»

ግቢው ውስጥ ከሁለታችን በቀር ማንም አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ መኪናዋን ነክቻት አላውቅም። መንዳት ፈራሁ፣ መሸጥም ፈራሁ። ድንጋዩን ማን ደፍሮ ያነሳል?

ዛሬ ጠዋት ጎንበስ ብዬ አየሁት። አምስት የጣት አሻራ አለበት።

ሂናው ገና አልደረቀም...